ከእርሻ የሚወርደው ጎርፍ ወንዝ ሳይገባ፦ የወንዝ ዳር ዛፍና ሣር አተካከል መመሪያ

ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገባው የወንዝ ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚያመጡት ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። አራቱም በታረሰ መሬት መሃል ያልፋሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚደፈርሱት ከማሳ የታጠበ አፈር ስለሚሸከሙ ነው፤ ከአፈሩ ጋር ደግሞ ማዳበሪያ፣ ፍግና የአረም መድኃኒት ይወርዳል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ያስጨነቀው እምቦጭ ከሚፋፋባቸው ምግቦች አንዱ ይኸው እጣቢ ነው። እምቦጩን ከሐይቁ ላይ መንቀል ብዙ ሰውና ማሽን ይጠይቃል። ምግቡን ማሳው ጫፍ ላይ መያዝ ግን የወንዝ ዳር መሬት ያለው ገበሬ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ነው።

ብዙ ቦታ በወንዝ ዳር ችግኝ ይተከላል፣ ይቆጠራል፣ ወንዙ ግን እንደደፈረሰ ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ጎርፉ በተተከለው ላይ ተስፋፍቶ አለማለፉ ነው፤ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ በመሃል ሰንጥቆት ይሄዳል። ስለዚህ ባለሙያዎች በፈር የሚሉት የወንዝ ዳር መከላከያ ሥራ የሚጀምረው ጎርፉን ከመከታተል ነው።

ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለወይና ደጋ ነው፤ በተለይ ለፎገራ፣ ለደራና ለመሳሰሉት የጣና ዙሪያ አካባቢዎች። ለምሳሌ የተወሰደው ወንዝ ዳር 50 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ወደ ወንዙ 4 በመቶ የሚያዘነብል ማሳ ነው።

ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማወቅ

ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ ወይም እንዳባራ ወዲያው፣ ማሳውን ከላይ እስከ ወንዙ ድረስ ይዙሩት። ውሃው ስስ ሆኖ በሰፊው የሚወርድበትንና ተሰብስቦ የሚሮጥበትን ለይተው፣ የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ላይ ችካል ይትከሉ።

በእኛ አገር እርሻ ትልቁ ጉዳይ ፈሰስ ነው። ገበሬው ውሃ ማሳው ላይ እንዳይተኛ በማረሻ የሚያወጣው ፈሰስ የማሳውን ጎርፍ ሰብስቦ በአንድ አፍ ወንዙ ውስጥ ይጥለዋል። የፈሰሱ አፍ መከላከያውን ሰንጥቆ ካለፈ፣ ግራና ቀኝ የተተከለው ዛፍ ለውሃው ጥራት የሚጨምረው ነገር በጣም ትንሽ ነው። ነባር ቦረቦር ካለም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ በድንጋይ ወይም በእንጨት ክትር መታሰር አለበት።

ተዳፋቱን መለካትና ስፋቱን መወሰን

ለእርከን የሚያገለግለው የገመድ ውሃ ልክ (ላይን ሌቭል) ይበቃል፦ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎ፣ በሲባጎው መሃል የሚንጠለጠል ውሃ ልክ። አንዱን ዘንግ ከላይ፣ ሌላውን ከታች አቁመው፣ አረፋው መሃል እስኪገባ ድረስ በላይኛው ዘንግ ያለውን ሲባጎ ወደ ታች ያንሸራትቱ። ሲባጎው የወረደበትን ሴንቲ ሜትር ለ10 ሲያካፍሉት ተዳፋቱን በመቶኛ ያገኛሉ። 40 ሴንቲ ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 4 በመቶ ነው።

ተዳፋቱ እስከ 5 በመቶ ከሆነ ከ10 እስከ 12 ሜትር ስፋት ይተው። ከ5 እስከ 10 በመቶ ለሆነ 15 ሜትር፣ እስከ 15 በመቶ ለሆነ ደግሞ 20 ሜትር ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ካዘነበለ ማሳው ራሱ እርከን ሳይሠራለት የወንዝ ዳር ተከላ አይጀመር፤ የሚወርደው ጎርፍ ከመከላከያው አቅም በላይ ይሆናል።

12 ሜትር በ50 ሜትር 600 ካሬ ሜትር ነው፤ የአንድ ጥማድ ሩብ ይጠጋል። ማሳው ጠባብ ለሆነ ገበሬ ይህ ቀላል መሬት አይደለም፤ ስለዚህ ቦታው መኖ፣ ጌሾና እንጨት እንዲያወጣ ሆኖ መታቀድ አለበት። ይህን ያህል መተው የማይቻል ከሆነ 5 ሜትርም ይጠቅማል፤ ከ5 ሜትሩ ውስጥ ግን 3ቱ ሣር ይሁን። መሬት ሲጠብ የሚቀነሰው የዛፉ ረድፍ ነው፤ ሣሩ አይነካም።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። ሣሩ የጎርፉን ፍጥነት ይሰብራል፤ ፍጥነቱ ሲሰበር አሸዋና ጓል አፈር በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይቀመጣል። በማዳበሪያና በፍግ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አፈሩን ያስቀረ ፎስፈረሱንም አስቀረ። ደቃቁ ሸክላ ግን በቀላሉ አይሰፍርም፤ ውሃው መሬት ውስጥ ሲሰርግ ብቻ ነው የሚቀረው። ለስርገቱ የሚረዳው አፈሩን የሚከፍተው የዛፍ ሥርና የወደቀው ቅጠል ነው።

ከዩሪያና ከፍግ የሚመጣው ናይትሬት ግን ሌላ ነው። በውሃ ሟሙቶ ወደ ታች ይሰርግና ከመሬት ሥር ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ ከላይ ያለው ሣር ብዙም አይይዘውም። እርጥብና ብስባሽ በበዛበት የወንዝ ዳር አፈር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል፤ የዛፍ ሥርም ይመገበዋል። ይህ የሚሆነው ግን የከርሰ ምድሩ ውሃ ሥሩ በሚደርስበት ጥልቀት ካለፈ ነው። ወንዙ ተቦርቡሮ ዳሩ ከ3 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ከሆነ ውሃው ከሥሮቹ በታች ያልፋል። እንዲህ ባለ ቦታ መፍትሔው ማሳው ላይ ነው፦ ዩሪያን በአንድ ጊዜ አለመጨረስ፣ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመበተን፣ ከተጨመረ በኋላ አፈር ማልበስ።

ምን የት ይተከል

12 ሜትሩን ከወንዙ ወደ ማሳው በሦስት ይክፈሉት፤ ለእያንዳንዱ 4 ሜትር።

ከውሃው አጠገብ ያለው የማይነካ ክፍል ነው። ከዳሩ እግር አኻያ በአንድ ሜትር ርቀት፣ ለ50 ሜትር 50 ቁርጥራጭ። ከእሱ ከፍ ብሎ ዶቅማ፣ ሾላና ዋንዛ እየተቀያየሩ በ3 ሜትር ርቀት፣ 17 ችግኝ። ሥራቸው ዳሩን ያያይዛል፤ ጥላቸው ውሃውን ያቀዘቅዛል። እዚህ ክፍል ውስጥ ከበሽታና ከአደጋ በቀር ዛፍ አይቆረጥም። በተፈጥሮ የበቀለ ቁጥቋጦ ካለ አይመንጠር፤ ደንገልና ፊላ ካለም ይቆይ።

መካከለኛው 4 ሜትር የገቢ ክፍል ነው። ሁለት ረድፍ፣ በረድፎቹ መካከል 2 ሜትር፣ በችግኞቹ መካከል 2 ሜትር፤ የአንዱ ረድፍ ችግኝ በሌላው ረድፍ ክፍተት ትይዩ ይሁን። ለ50 ሜትር 50 ችግኝ ግድም ይሆናል። ጌሾ፣ ሰስፓኒያ፣ ሰሳና ግራዋ ይስማማሉ። ማንጎና አቮካዶም ይቻላል፤ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት ካስፈለጋቸው ግን ቦታቸው እዚህ አይደለም።

ከማሳው ጋር የሚዋሰነው 4 ሜትር ሣር ብቻ ነው። በላይኛው ጠርዝ ሁለት ጥቅጥቅ ያለ የደሾ ወይም የቬቲቨር መስመር በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ይተከላል፤ በግንጣዮቹ (ከነሥሩ ተገንጥሎ በሚተከለው ሣር) መካከል 15 ሴንቲ ሜትር። ለሁለቱ መስመር 670 ያህል ግንጣይ ይገባል። የቀረው 3 ሜትር ተኩል በ50 ሴንቲ ሜትር የመስመርና በ25 ሴንቲ ሜትር የግንጣይ ርቀት በደሾ ይሞላል፤ ይህ 1,400 ይሆናል። ቬቲቨር ጎርፍን በማገድ ይበልጣል፣ ከብት ግን እምብዛም አይወደውም፤ መኖ የሚፈልግ ሰው ደሾን ይምረጥ።

ባህር ዛፍ ከሦስቱም ክፍል ውጭ ነው። በሥሩ ሣር እንዳይበቅል ስለሚያደርግ መሬቱ ይራቆታል፤ ጎርፉን የሚያዘገይ ነገር አይኖርም። ውሃ የሚስበውም ብዙ ነው። ብርብራ ጥሩ የአገር በቀል ዛፍ ነው፣ ዘሩ ግን ተወቅጦ ለዓሣ መግደያ የሚያገለግል ስለሆነ ከውሃው ጠርዝ ራቅ ቢል ይሻላል።

የፈሰሱን ጎርፍ መበተኛ

ችካል የተተከለበት ቦታ ሁሉ ይህን ይፈልጋል። ሥራው የሚሰምረው በጥንቃቄ ስለሆነ አይቸኩሉ።

ከሣሩ በላይ፣ የፈሰሱ አፍ የሚደርስበት ላይ፣ ከ5 እስከ 10 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ በትክክለኛ ጠለል፣ ማለትም ወደ የትኛውም ጫፍ ሳያዘነብል፣ ይቁፈሩ። ፈሰሱ በቦዩ መሃል ይግባ። ቦዩ ሲሞላ ውሃው በታችኛው ጠርዝ ላይ በሙሉ ርዝመቱ እኩል መፍሰስ አለበት። ስለዚህ የታችኛው ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አይበላለጥ፤ በገመድ ውሃ ልክ በየ2 ሜትሩ ይፈትሹት። አንድ ቦታ 5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጎርፉ በሙሉ በዚያ ይወጣል፤ አዲስ ቦረቦርም ይጀምራል።

ከቦዩ የወጣውን አፈር በታችኛው ጠርዝ ላይ አይከምሩት። ለእርከን የለመደ እጅ ወዲያ መከመሩ አይቀርም፣ እዚህ ግን ስህተት ነው፤ የላላ አፈር በመጀመሪያው ጎርፍ ተደርምሶ ይፈስሳል። ወደ ማሳው መልሰው ይበትኑት፤ ጠርዙ ያልተነካ፣ ሣር የያዘ መሬት ይሁን። መበተኛው ተዳፋቱ ከ10 በመቶ በላይ በሆነ ቦታ አይሠራም። በዚያ በድንጋይ የተነጠፈ የጎርፍ መውረጃ ነው የሚያስፈልገው።

ትልቅ ማሳ ከሆነ በአንድ አፍ የሚወጣውን ፈሰስ ለሁለት ለሦስት ይክፈሉት። ብዙ ትናንሽ አፎች ለሣሩ ይቀሉታል።

ወቅቱና አተካከሉ

ችግኙ ጥር ላይ ለችግኝ ጣቢያ ይታዘዝ። የዶቅማ ዘር ሲደርቅ ስለሚሞት ፍሬው እንደወደቀ መዘራት ያለበት ነው፤ በመጨረሻ ሰዓት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ለመተኪያ ከመቶ 15 ጨምረው ይዘዙ።

ግንቦት ላይ ጉድጓድ ይቆፈር፦ 40 በ40፣ ጥልቀቱም 40 ሴንቲ ሜትር። የላይኛው ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቀመጥ። ከጉድጓዱ ውጭ ያለው መሬት አይታረስ፤ የታረሰ መከላከያ ራሱ ደለል ያወርዳል። የሣሩ ቦታም ከጠለል መስመር ጋር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ትልም ብቻ ይከፈት።

መጀመሪያ የሚተከለው ሣሩ ነው፤ ዝናቡ እንደያዘ፣ ሰኔ ላይ። ቢቻል ከዛፉ አንድ ክረምት ይቅደም። እያንዳንዱ ግንጣይ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ ከነሥሩ ይኑረው፤ ቅጠሉ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ተቆርጦ ይተከልና ዙሪያው በእግር ይጠቅጠቅ። በተነቀለበት ቀን ካልተተከለ በጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ ይልበስ።

ዛፉ የሚተከለው አፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከራሰ በኋላ ነው፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጨረሻ። ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ ይቅር፤ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ይወጣል። ችግኙ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለውና ፀሐይ የለመደ ይሁን። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይቀደድ፤ ከታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ በስለት ይቆረጥ። ጥቁሩ አፈር መጀመሪያ ይግባ፤ የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን። በፎገራ ዓይነቱ ዋልካ ላይ ግን ጉድጓዱ ውሃ ስለሚይዝ ችግኙ ይታፈናል፤ እዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ሠርተው በላዩ ይትከሉ።

አኻያው ክረምት ላይ ከዳሩ እግር ከተተከለ ሙላት ይወስደዋል። ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ ሲጎድል ዳሩም ገና እርጥብ ሳለ ይተከል። ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረትና 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ታችኛው ጫፉ ይሾላል። 40 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይግባ፤ ቡቃያው ወደ ላይ ይመልከት። ተገልብጦ ከተተከለ አይበቅልም፤ ስለዚህ ሲቆረጥ የላዩ ጫፍ ጠፍጣፋ፣ የታቹ ሹል ሆኖ ቢለይ ሠራተኛው አይሳሳትም። በመዶሻ ከመምታት በፊት በብረት ዘንግ ቀዳዳ ይበጅለት፤ አለዚያ ልጡ ይላጣል።

ከብት

ከተተከለው ውስጥ ብዙውን የሚያጠፋው ልቅ ግጦሽ ነው። ከመስከረም በኋላ አዝመራው ሲነሣ ማሳው ሁሉ ለከብት ይከፈታል፣ ያን ጊዜ በወንዙ ዳር አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ይህ መከላከያ ብቻ ነው። የእሾህ አጥር ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ ለዘለቄታው በማሳው በኩል አጋምና ቀጋ ከአጥሩ ጋር ይተከል።

ከብቶቹ ውሃ ካልጠጡ አጥሩ አይከበርም። ስለዚህ 3 ሜትር ስፋት ያለው አንድ መውረጃ ይተው፤ ድንጋይና ጠጠር ይነጠፍበት፣ ከወንዙ ፍሰት አቅጣጫ ጋር ሰያፍ ሆኖ ይውረድ። ከመግቢያው ላይ ጉብታ ካልተደረገለት መንገዱ ራሱ የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ጉብታው ውሃውን ወደ ሣሩ ይመልሰዋል።

ይህን አንድ ገበሬ ብቻውን አይዘልቀውም። ከላይ ያለው ጎረቤት ፈሰሱን ከአጥሩ ጥግ ቢያወርደው ሥራው ይበላሻል። የተፋሰሱ ተጠቃሚዎች በውስጠ ደንብ ይስማሙ፦ ፈሰስ በየት ይውጣ፣ የወንዙ ዳር መቼ ይዘጋ፣ ሣሩን ማን ያጭዳል፣ ዛፉስ የማን ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ከተከላ በፊት ከቀበሌው ጋር ካልተቋጨ ዛፉ ሲያድግ ጠብ ያመጣል፤ የወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ የጋራ ይዞታ ነውና። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሚመለከተው አካል የውሃ ዳርቻን ወስኖ በውስጡ ዛፍ መቁረጥንና መመንጠርን እንዲከለክል ሥልጣን ይሰጣል፤ ውስጠ ደንቡን ስታዘጋጁ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

እንክብካቤና የሚበላሹ ነገሮች

መስከረም ላይ በችግኙ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ይታረም፤ የታረመው ሣር መልሶ ይልበሰው። የሞተው በሚቀጥለው ሐምሌ ይተካ።

ሣሩ በደንብ ከያዘ በኋላ፣ ከሦስት አራት ወር ጀምሮ፣ መታጨድ አለበት። የታጨደው ለከብት ከቦታው ይውጣ። እዚያው ከተተወ ይበሰብስና የያዘውን ፎስፈረስ መልሶ ለጎርፍ ይሰጣል፤ ሣር ማውጣት የተጠራቀመውን ማዳበሪያ ማውጣት ነው። በክረምት ሲታጨድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይቅርለት፤ ከዚያ ካነሰ ውሃ ይተኛበታል፣ ጎርፉንም አያዘገይም።

በላይኛው የሣር ጠርዝ ደለል ይከመራል፤ ይህ ሥራው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ክምሩ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግን ግድብ ይሆናል፤ ውሃው ሣሩ ውስጥ መግባቱን ትቶ በጠርዙ ይሄድና ደካማውን ቦታ ፈልጎ ይበሳዋል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ደለሉን በአካፋ አንሥተው ወደ ማሳው ይመልሱት፤ የማሳው ምርጥ አፈር ነው። መበተኛውንም አብረው ይጥረጉ።

ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ የመካከለኛው ክፍል ዛፎች ጥላ ሣሩን ማሳሳት ይጀምራል። በሣሩ በኩል ያሉት የታችኛው ቅርንጫፎች ይቆረጡ። መሬቱ በጥላ ሥር ራቁቱን ከታየ ዘግይተዋል፤ ወዲያው ዛፎቹን ያሳሱና ሣሩን ይተኩ።

የፍግ ክምር ከወንዙ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ቱፎርዲም ሆነ ሌላ የአረም መድኃኒት የተረጨበት መርጫ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ እጣቢው እዚያው ማሳ ላይ ይረጭ። መከላከያው ውስጥ ማዳበሪያም ሆነ መድኃኒት አይገባም።

መሥራቱን ለማየት ሁለት ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል። በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ሰዓት፣ አንዱን ከሣሩ በላይ ከሚገባው ጎርፍ፣ ሌላውን ወንዙ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሚወጣው ይሙሉ። ሳይነቃነቁ አንድ ቀን ይቀመጡና የዘቀጠው አፈር በማስመሪያ ይለካ። የታችኛው ጠርሙስ ዝቃጭ ከላይኛው ብዙም የማያንስ ከሆነ ዝናብ ሲጥል ተመልሰው ይዙሩ፤ የተሰበረ መበተኛ ወይም ያልታየ ፈሰስ ይገኛል። ይህ ሙከራ የሚያሳየው አፈሩን ብቻ ነው፤ ለናይትሬት የመመርመሪያ ወረቀት ያስፈልጋል። ሁለቱም ጥሩ ውጤት ቢያሳዩ እንኳ የወንዙ ውሃ ለመጠጥ መፈላቱን አይተዉ።